ለቀኝ ታክል የተላከ ሽማግሌ

የመንገሻ አያት ቀኛዝማች ነበሩ። ይህን ያልሰማ ሐበሻ በአሜሪካዋ ኦክላንድ ካለ፣ ወይ ትናንት የመጣ ነው፣ ወይ ከመንገሻ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ አያውቅም። ሰውየው ስለ ራሱ እንኳ ብዙ አይናገርም። አዛውንቶችንና በሽተኞችን ከቤታቸው ወደ ሐኪም የሚያመላልስ ቫን ሲነዳ ፀጉሩ ሸብቷል፤ ስለ ሥራው ሲያማርርም ሲመጻደቅም የሰማው የለም። አያቱ ላይ ሲደርስ ብቻ ነው ምላሱ የሚፈታው። አያትየው መጀመሪያ ግራዝማች ነበሩ፤ ብዙ ዘመን ግራዝማች ሆነው ቆዩ፤ ከዚያ አንድ ቀን ቤተ መንግሥት ተጠርተው ቀኛዝማች ተብለው ተመለሱ። የዚያን ዕለት ስንት በሬ እንደታረደ፣ ማን እንደፎከረ፣ ማን በቅናት ታሞ እንደተኛ፣ መንገሻ ያልነበረበትን ድግስ እንደነበረበት አድርጎ ይተርከዋል። ወሬው የሚያልቀው ሁልጊዜ በአንድ ነገር ነው፤ ሰው የሚሾመው ከግራ ወደ ቀኝ ነው፣ ከቀኝ ወደ ግራ የሄደ ተሻረ ማለት ነው።

ስለዚህ በመንገሻ ቤት ቀኝ ማለት ቀልድ አይደለም። የከበረ እንግዳ በቀኙ ነው የሚቀመጠው። ጫማ የሚያደርገው ከቀኝ እግሩ ጀምሮ ነው። በቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ ገነት መግባቱን፣ በግራ የተሰቀለው የት እንደቀረ፣ ልጁ ፊደል ሳይቆጥር ነው የነገረው። ካህኑ "በቀኙ ያቁማችሁ" ብለው ሲመርቁ የመንገሻ አሜን ከሁሉም ሰው አሜን ቀድሞ ይሰማል። ሚስቱ የወርቅውሃ፣ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ወጥ ቤት የምትሠራ ቀልደኛ ሴት፣ በዚህ ነገር ታበሽቀዋለች። "ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እኮ ቀኙ የእኛ የሴቶቹ ነው። አንተ ሁልጊዜ እሁድ በግራ በኩል ቆመህ አይደል የምታስቀድሰው?" ትለዋለች። መንገሻ ይናደዳል።

ባስልኤል አንድ ልጃቸው ነው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ዕድሜውን የገመተ ሰው ሁሉ ይሳሳት ነበር። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች መዝሙር ሲያቀርቡ ከኋላ ረድፍ ያቆሙታል፤ እንደዚያም ሆኖ ራሱ ከመምህሩ ራስ እኩል ነው። አንድ የሃይስኩል አሠልጣኝ ዓይኑን ጥሎበት ለአሜሪካ ፉትቦል ሲመለምለው የወርቅውሃ "ልጄን ሊሰብሩብኝ ነው" ብላ አለቀሰች። መንገሻ ግን ልጁ ከጎዳና ውሎ ከራቀ ይበቃል ብሎ ፈቀደ። የመጀመሪያውን ጨዋታ ሄዶ ሲያይ ምንም አልገባውም። ይሰለፋሉ፣ ይጋጫሉ፣ ይወድቃሉ፣ ፊሽካ ይነፋል፣ እንደገና ይሰለፋሉ። ከጎኑ የተቀመጠውን ሰውዬ ጠይቆ የተረዳው ይህን ብቻ ነው፤ ኳሱን ከሚወረውረው ልጅ ፊት አምስት ግዙፎች ይደረደራሉ፣ ሥራቸው ልጁን ከአጥቂ መከለል ነው፣ ከአምስቱ በስተቀኝ ጫፍ የቆመው ደግሞ ባስልኤል ነው። ቀኝ ታክል ይባላል።

"ቀኝ?" አለ መንገሻ።

"ቀኝ" አለው ሰውየው።

ከዚያ በኋላ ሌላ ማብራሪያ አልጠየቀም። ጥፋቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ብዙ ጨዋታ አይቷል፤ ዝናብ እየደበደበው ሁሉ ቆሞ አይቷል፤ ያየው ግን የሰልፉን ቀኝ ጫፍ ብቻ ነው። ማን አሸነፈ ሲሉት "ልጄ በቀኝ በኩል ማንንም አላሳለፈም" ብሎ ይመልሳል። ባስልኤል ሳን ሆሴ ኮሌጅ ገብቶ እዚያም ቀኝ ታክል ሲሆን፣ መንገሻ ነገሩን ከአያቱ ታሪክ ጋር ሰፍቶ አንድ ልብስ አደረገው።

ልጁ ልቡን የጣለበት ነገር አንድ ነበር። በየዓመቱ በሚያዝያ ገደማ፣ ትልልቆቹ ክለቦች ከኮሌጅ የሚወጡትን ተጫዋቾች ተራ እየጠበቁ ይመርጣሉ። ሦስት ቀን ይፈጃል፣ ሰባት ዙር አለው፣ ስም በቴሌቪዥን ይጠራል። ድራፍት ይሉታል። መንገሻ ቃሉን መጀመሪያ ሲሰማ የመጣለት በጃንቦ የሚቀዳው ቢራ ነበር፤ በኋላ ግን ገብቶት፣ ከልጁ ይልቅ እሱ እንቅልፍ አጣ። የልጁ ስም ሲጠራ ለመስማት ካለው ጉጉት የተነሣ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ያልነገረው ሰው አልቀረም። የወርቅውሃ የምትመኘው ጉልበቱ ደህና ሆኖ ዲግሪውን ይዞ እንዲወጣ ብቻ ነበር።

ነገሩ የመጣው ከመጨረሻው የኮሌጅ ዓመት በፊት፣ በትንሣኤ ሰሞን ነው። ባስልኤል ከሳን ሆሴ መጥቶ ምሳ ላይ ተቀምጠው ሳለ፣ ሳህኑን እያየ ተናገረ።

"ኮች ሙቭ ሊያደርገኝ ነው።"

"ወዴት?" አለ መንገሻ።

"ወደ ሌፍት። ሌፍት ታክል።"

መንገሻ የጠቀለለውን ጉርሻ መልሶ አስቀመጠው። "ምን አጠፋህ?"

"ናቲንግ። እንደዛ አይደለም አባዬ። ጉድ ነው አለኝ። ለድራፍቱ ቤተር ነው አለኝ።"

"ያንተን ቦታስ ማን ሊይዘው ነው?"

"ታይለር። ከሁለታችን አንዳችን ሌፍት እንሄዳለን፣ አንዳችን ራይት። ኮች ግን እኔን ነው ለሌፍት የሚፈልገው።"

"ታይለር ያ ዓመቱን ሙሉ ቤንች ላይ የከረመው ልጅ ነው?"

"የስ።"

"ይኸው!" አለ መንገሻ፣ ጠረጴዛውን መታ አድርጎ።

ለእሱ ነገሩ የጠዋት ፀሐይ ሆነለት። ሰው ሲያወርዱህ "ላንተ ይሻልሃል" እያሉ ነው የሚያወርዱህ። እሱም ደርሶበታል። የለመደውን፣ እዚያው አካባቢ ያለችውን የዳብሊን ከተማ መስመር ነጥቀው ለአዲስ ሾፌር ሲሰጡበት፣ አለቃው ትከሻውን መታ መታ እያደረገ ይህንኑ ነበር ያለው። ባስልኤል ሊያስረዳው አፉን ከፈተ፤ "አባዬ፣ ዩ ዶንት..." አለና ተወው። ልጁ ያለው አማርኛ ጥቂት፣ አባትየው ያለው የፉትቦል እውቀት ከዚያ ያነሰ። በመካከላቸው የነበረው ቋንቋ ለሰላምታና ለምግብ ይበቃል፤ ለዚህ ግን አልበቃም።

የወርቅውሃ "ልጁ ይሻላል ካለ ይሻለዋል፣ አንተ ምን አገባህ?" አለችው ኋላ ለብቻቸው ሲሆኑ። መንገሻ አልሰማትም። ሲደፍሩት ዝም ብሎ የኖረ ሰው ነው፤ ልጁን ሲደፍሩበት ግን ዝም አይልም። ደግሞ እንደ ፈረንጅ ስልክ ደውሎ አይጮህም። ሰው የተጣላውን፣ የተበደለውን፣ የሚለምነውን ነገር እንዴት እንደሚያስፈጽም ያውቃል። ሽማግሌ ይልካል።

ጋሽ ሓጎስ አዲስ አበባ ያደጉ ኤርትራዊ ናቸው። ሪችመንድ ውስጥ የነበራቸውን ትንሽ ሱቅ ሸጠው ጡረታ ከወጡ ወዲህ፣ በዚህ አካባቢ ያለ የተኳረፈ ባልና ሚስት ሁሉ እሳቸው ሳያዩት አይፋታም። መንገሻ ደውሎ "ለሽምግልና ፈልጌዎት ነው" ሲላቸው አላቅማሙም።

"የማን ትዳር ነው?" አሉ።

"ትዳር አይደለም ጋሼ። የባስልኤል ኳስ ነው።"

ሽማግሌው "እሺ፣ የትኛውን ሱፍ ልልበስ?" አሉ።

ለልጁ ሳይነግሩት ሁለቱም ሱፋቸውን ከነክራባታቸው ለብሰው ሳን ሆሴ ወረዱ። አሠልጣኙ ኮች ብራድ የሚባል፣ ፊቱ በፀሐይ የተጠበሰ ሰው ነው። በሩ ላይ ሁለት ጥቁር ሱፍ የለበሱ ሽበታሞች ሲያይ ሰው የሞተ መስሎት ብድግ አለ። ተቀመጡ ሲላቸው ጋሽ ሓጎስ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እምቢ አሉ። ሽማግሌ ጉዳዩ እሺ ሳይባልለት አይቀመጥም። መንገሻም ከጎናቸው ቆመ። አሠልጣኙም ግራ ገብቶት እንደቆመ ቀረ።

ጋሽ ሓጎስ በሱቅ ባንኮኒ ጀርባ በተማሩት እንግሊዝኛ፣ ቀስ ብለው ተናገሩ። በአክብሮት ነው የመጣነው አሉ። ይህ ልጅ የቤተሰብ ልጅ ነው፣ ቦታው ቀኝ ነው፣ አጥፍቶም ከሆነ እኛ እንቀጣዋለን፣ ከቦታው ግን አታንሣብን፤ አባቱ ይለምንሃል፣ እኔም በሽበቴ እለምንሃለሁ አሉ። አሠልጣኙ አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላውን ያያል። ወደ ግራ መዞሩ ለልጁ ትልቅ ነገር እንደሆነ፣ ቅጣት እንዳልሆነ ሊያስረዳ ሞከረ። መንገሻ ግን የዳብሊንን መስመር እንደነጠቀው አለቃ ነው የሰማው። በመጨረሻ ሰውየው ትከሻውን ሰብቆ ልጁን አስጠራ።

ባስልኤል ክብደት ከሚያነሡበት ክፍል ላቡ እየተንጠባጠበ መጣ። በሩን ከፍቶ አባቱን በክራባት፣ ጋሽ ሓጎስን ቆመው ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። ጎንበስ ብሎ የሽማግሌውን ትከሻ ሳመ።

"ውሳኔው ያንተ ነው" አለው አሠልጣኙ። "አንተ ምን ትፈልጋለህ?"

ልጁ አባቱን አየ፣ መልሶ ወለሉን አየ።

"ራይት እቆያለሁ፣ ኮች" አለ።

"እርግጠኛ ነህ? ትናንት የተነጋገርነውን ታስታውሳለህ?"

"የስ ሰር።"

አሠልጣኙ ለረጅም ጊዜ ሲያየው ቆየና እሺ አለ። ያን ጊዜ ጋሽ ሓጎስ ተቀመጡ። ሲመለሱ መንገሻ መኪናው ውስጥ አብዝቶ አወራ፤ አያቱን ከመጀመሪያው ጀምሮ ደገማቸው። ሽማግሌው "ለካ ኳስም ይታረቃል" እያሉ ሳቁ።

ያ የውድድር ዓመት መንገሻ በሕይወቱ ደስ ካለው ጊዜ ሁሉ የበለጠ ነበር። ባስልኤል በቀኝ በኩል ግንብ ሆነ። በግራ ጫፍ ላይ ታይለር ቆመ፤ መንገሻ ደግሞ ከልቡ አዘነለት። ከጨዋታ በኋላ ወላጆች ሜዳው ዳር ሲሰበሰቡ ወደ ልጁ እየሄደ ትከሻውን ይደባብሰው ነበር። "አይዞህ፣ አንድ ቀን አንተም ወደ ቀኝ ትዞራለህ" ይለዋል በእንግሊዝኛ። ታይለር ምን እንደሚለው ባይገባውም ፈገግ ብሎ ያመሰግነዋል።

የመንገሻን ዓይን የገለጠው የአላሜዳ ሰው ነው። ከጥምቀት በኋላ መሥሪያ ቤቱ አዲስ ተሳፋሪ ሰጠው፤ ሚስተር ዋልተር ይባላል፣ ለኩላሊት እጥበት የሚመላለስ፣ በዊልቸር የሚሄድ ትልቅ ሰው። ስኳሩ ግራ ዓይኑን አጥፍቶበታል። በመጀመሪያው ቀን መንገሻ ዊልቸሩን ቫኑ ውስጥ ሊያስር በግራው በኩል ሲጠጋ ሰውየው ደንግጦ በክንዱ ሊመታው ደረሰ። "በዚህ በኩል አትምጣብኝ፣ አላይህም" አለው፤ ከዚያ ይቅርታ ጠየቀው። መንገሻ ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ በቀኝ በኩል ይቀርበዋል። ሰውየው ጡረታ የወጣ የሃይስኩል ፉትቦል አሠልጣኝ መሆኑ ኋላ ወሬ ሲጀምሩ ታወቀ። መንገሻ እንዲህ ያለ አድማጭ ማግኘቱ ደስ ብሎት ስለ ልጁ አወራለት።

"ምን ይጫወታል?"

"ቀኝ ታክል" አለ መንገሻ፣ በመስታወቱ ውስጥ እያየው።

"ጎበዝ። ግራ ሞክሮ ያውቃል?"

"ሊያደርጉት ፈልገው ነበር። እምቢ አልን።"

  "ለምን?" አለው ሚስተር ዋልተር።

መንገሻ ቀኛዝማችን በእንግሊዝኛ እንዴት ብሎ ይተርጉመው? "አያቴ..." ብሎ ጀመረና አቆመ። "የቤተሰብ ነገር ነው" አለ።

ሚስተር ዋልተር ያልፈረደበት በሚመስል ድምፅ፣ ለተማሪ እንደሚያስረዳ አስረዳው። ኳሱን የሚወረውረው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ቀኝ እጁ ነው የሚሠራው። ሊወረውር ሲል ግራ ትከሻውን ወደ ፊት አድርጎ ይዞራል፤ ጀርባውን ለግራ ወገን ይሰጣል። ከዚያ በኩል የሚመጣበትን አያይም። "እኔ አንተን በዚህ በኩል እንዳላየሁህ" አለ የጠፋ ዓይኑን በጣቱ እያመለከተ። "ክለቦች ከሁሉ በላይ ዋጋ የሚሰጡት ያንን ጎን ለሚጠብቀው ልጅ ነው። ለግራው። ቶሎ የሚመርጡት እሱን ነው፣ ብዙ የሚከፍሉትም ለእሱ ነው። ዱሮማ ቀኙ የተረፈው የሚቆምበት ነበር።"

"አሁንስ?" አለ መንገሻ።

"አሁን ትንሽ ተሻሽሏል። አጥቂዎች በሁለቱም በኩል ይመጣሉ፤ ጥሩ ቀኝ ታክል ያላቸውም እንደ ዕንቁ ይይዙታል። ግን እኔ መራጭ ብሆንና እኩል የሆኑ ሁለት ልጆች ፊቴ ቢቆሙ የግራውን እወስዳለሁ። ግራ የተጫወተውን ወደ ቀኝ ልወስደው እችላለሁ። ግራ ቆሞ የማያውቀውን ግን ምን እንደሆነ አላውቀውም። እግሩ በሙሉ ተገላብጦ እንደገና መማር አለበት።" የመንገሻን ጀርባ አይቶ ሳይሆን አይቀርም፣ ጨመረለት፤ "አንድ ክለብ ይበቃል። አንድ ሰው ከወደደው ይበቃል።"

ክሊኒኩ በር ላይ መንገሻ ዊልቸሩን አውርዶ ለነርሷ ካስረከበ በኋላ ወደ ቫኑ ተመልሶ ሞተሩን ሳያስነሣ ተቀመጠ። የሚቀጥለው ተሳፋሪ እስኪደውል ድረስ አልተንቀሳቀሰም። አፈረ። አሠልጣኙ ፊት ሽማግሌ አቁሞ ልጄን አትሹምብኝ ብሎ የለመነ አባት በዓለም ላይ ከእሱ በቀር መኖሩን ተጠራጠረ። ታይለርን "አይዞህ" ያለው ትዝ ሲለው ፊቱ ነደደ። ከሁሉ የከፋው ግን ለማንም መናገር አለመቻሉ ነው። ለየወርቅውሃ ቢነግራት "ምን አልኩህ" ትለዋለች። ለባስልኤል ቢነግረው ደግሞ ለምርጫው በሚዘጋጅበት ሰዓት ልቡን መስበር ሆነበት። እናም ዋጠው። ሱባኤ እንደገባ ሰው ዝም አለ፤ ጾሙ የሁዳዴ ስለነበር የጠየቀው ሰው አልነበረም።

ድራፍቱ ሆሳዕና ዋዜማ ላይ ወደቀ። ሐሙስ የመጀመሪያው ዙር ሆነ፤ ያን ዕለት ማንም አልጠበቀም። ዓርብ ሁለተኛውና ሦስተኛው ሆኑ። ሦስቱም ሳሎን ተቀምጠው ሲያዩ፣ ሦስተኛው ዙር ሳያልቅ ስም ተጠራ፤ የታይለር። ግራ ታክል አለ አስተዋዋቂው። ቴሌቪዥኑ ታይለር እናቱን አቅፎ ሲያለቅስ አሳየ። ባስልኤል ከሶፋው ተነሥቶ አጨበጨበ፣ ወዲያውም ደውሎ "ታይለር! ኮንግራትስ!" እያለ ጮኸለት። ደስታው የውነት ነበር። መንገሻ ይህን ማየት አቅቶት ውኃ ልጠጣ ብሎ ተነሣ።

ቅዳሜ ጠዋት ቤቱ ሞላ። እንግዶቹን የጠራው ራሱ መንገሻ ነው፤ በደስታው ዘመን ጠርቷቸው አሁን አትምጡ ማለት አልቻለም። ከቤተ ክርስቲያን ተጣጣፊ ወንበር በውሰት መጣ። የጾም ምግቡ በትሪ በትሪ ተደረደረ። ሴቶቹ ለነገ የሚሆነውን ዘንባባ ጭናቸው ላይ አድርገው እየጎነጎኑ፣ ወንዶቹ ስለማያውቁት ጨዋታ እርስ በርስ እየተከራከሩ፣ ሁሉም ቴሌቪዥኑን ያያሉ። ጋሽ ሓጎስ በመንገሻ ቀኝ ተቀምጠዋል። የባስልኤል ስልክ ጠረጴዛው መካከል፣ በዳቦው አጠገብ ተቀምጧል።

አራተኛው ዙር አለፈ። አምስተኛውም አለፈ። ስም በተጠራ ቁጥር ሰው ትንፋሹን ይይዝና ይለቀዋል። "ገና ነው፣ ገና ነው" ይላሉ። ስድስተኛው ዙር ላይ ስልኩ ጮኸ። አንዷ ሴት እልልታውን ከአፏ መልሳ በእጇ ያዘችው። ባስልኤል ስልኩን ይዞ ወደ ኮሪደሩ ወጣ። መንገሻ ተከተለውና ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

"የስ ሰር" አለ ልጁ። አዳመጠ። "ኖ ሰር። ኔቨር፣ ሰር። ራይት ብቻ ነው።" እንደገና አዳመጠ። "መማር እችላለሁ ሰር። የስ ሰር። አመሰግናለሁ።"

ስልኩን ዘጋ። "ምን አሉህ?" ብሎ የጠየቀው የለም። ወደ ሳሎን ተመልሰው ተቀመጡ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የዚያ ክለብ ተራ ደረሰና ስሙን ማንም ሰምቶት የማያውቅ የሌላ ኮሌጅ ልጅ ተጠራ። በሁለቱም በኩል ተጫውቷል፣ ዋናው ቦታው ግራ ነው አለ አስተዋዋቂው። ሰባተኛው ዙር እንደ ፍትሐት ሆኖ አለቀ። ሌላ የደወለ አልነበረም። የወርቅውሃ ቴሌቪዥኑን አጠፋችና "እንብላ እንጂ፣ ምግቡ ቀዘቀዘ" አለች፤ ለማንም ሳትታይ ወደ ወጥ ቤት ገብታ አለቀሰች።

ባስልኤል ጋራዥ ገባ። መንገሻ ሲደርስበት ልጁ የድሮ ጫማዎቹ ያሉበት ሣጥን ላይ ተቀምጦ፣ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወለሉን ያያል። አባትየው በሩን ከኋላው ዘጋ።

"ባሲ" አለው። "ግራውን የከለከልኩህ እኔ ነኝ። ምን ማለት እንደሆነ አላወቅኩም ነበር። ከቫኔ ተሳፋሪ ነው የሰማሁት፣ በቅርቡ። ይቅር በለኝ ልጄ። አንተም አላወቅክ፣ እኔም አላወቅኩ..."

"አውቅ ነበር" አለ ባስልኤል።

መንገሻ በትክክል የሰማ አልመሰለውም። "ምኑን?"

"ኮች ቢፎር ነግሮኛል። እናንተ ከመምጣታችሁ ዋን ዴይ በፊት። ሌፍት ብሆን ሰከንድ ራውንድ፣ ሜይቢ ሰርድ። ራይት ብሆን ግን ሜይቢ ናቲንግ። ሁሉንም ኤክስፕሌይን አድርጎልኛል።"

"ታዲያ ሲጠይቅህ ለምን ዝም አልክ? ለምን ቀኝ አልክ?"

ልጁ የሚለውን በአማርኛ እየፈለገ እንደሆነ ከፊቱ ያስታውቃል።

"አንተ ሱት ለብሰህ ነበር" አለ በመጨረሻ። "ጋሽ ሓጎስም ቆመው ነበር፣ አልተቀመጡም። ኮች ፊት አንተን ኖ ማለት... አልችልም አባዬ። እንደዛ አላስተማርከኝም።"

በድምፁ ውስጥ ቅሬታ አልነበረም። ቢኖርበት መንገሻ ይሻለው ነበር፤ ሊጨቃጨቀው፣ ሊያለቅስበት፣ ሊለምነው ይችል ነበር። እጁን ልጁ ራስ ላይ አደረገና እዚያው ተወው። ባስልኤል ቆየት ብሎ ተነሣ። ሰዎቹ እየሄዱ ነው፣ ወንበሮቹ ዛሬ መመለስ አለባቸው ብሎ ወጣ።

እንግዶቹ አንድ በአንድ ተሰናበቱ። ሁሉም "እግዚአብሔር ያውቃል"፣ "ለበጎ ነው" ይላሉ፤ መንገሻ በሩን ይዞ ራሱን ይነቀንቃል። ባስልኤል ተጣጣፊ ወንበሮቹን በሁለት ብብቱ እያቀፈ ወደ መኪናው ያመላልሳል፤ ለአሮጊቶቹ ደረጃውን ሲወርዱ እጁን ይሰጣቸዋል። ጋሽ ሓጎስ መጨረሻ ላይ ወጡ። ኮታቸውን እየቆለፉ ልጁን ሲያዩት ቆዩና የመንገሻን ክንድ ያዙት።

"በል አይክፋህ" አሉት። "ኳሱ ይቅር። አባቱን እንዲህ አድርጎ የሚሰማ ልጅ በዚህ አገር ማን አለው? አንተ አሳድገሃል።"

መንገሻ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ማለት ነበረበት፤ ከአፉ አልወጣለትም። ሽማግሌው ደረጃውን ወርደው እስኪጨርሱ ድረስ በሩን ይዞላቸው ቆመ።